የቀትሩ ርክክብ

በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት፣ ጋብቻ በሚፈጸምበት ክፍል ውስጥ ያለውን አግዳሚ ወንበር የጠገንኩት እኔ ነኝ። የጽድ ነው፤ አራት ሰው ይይዛል። ሦስት ሰው ቢቀመጥበት ዝም ይላል። አራተኛው ሲጨመር ግን መሃሉ ላይ ያለው ማያያዣ አንዴ «ቂው» ይላል። ያንን ድምፅ ለማጥፋት ሚስማር ጨመርኩ፣ ኮላ አፈሰስኩ፤ እንቢ አለ።

«ተወው ልጄ፤» አሉኝ ጋሽ መልከጼዴቅ። «ምስክሮቹ መሟላታቸውን የማውቀው በሱ ነው።»

ጋሽ መልከጼዴቅ የክብር መዝገብ ሹም ነበሩ። በመንግሥት ስም ሰው የሚያጋቡት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ቡራዩ ውስጥ ስንቱን እንዳጋቡ ራሳቸውም አያውቁም። ክረምት ከበጋ ያንኑ ግራጫ ኮት ይለብሳሉ፤ ክራባታቸው ከአንገታቸው አይወርድም። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ከማኅተሙ ቀለም የተነሳ ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ነበር።

እኔ ዮአብ እባላለሁ። የምሠራው እንጨት ቤት ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ድምፄ ደግሞ ከጉሮሮዬ አያልፍም። ሰው ፊት መናገር ሲኖርብኝ ቃሉ ደረቴ ላይ ይቀራል። ከጎናችን ልብስ የምትሰፋው መኪያ ይህን ስታውቅ አልሳቀችብኝም። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን መቀሷን አስቀምጣ «እንግዲህ እኔው ልጠይቅህ መሰለኝ» አለችኝ።

እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እናቴ «ቁርባን ካልሆነ እኔን አትጥሩኝ» አለች። የመኪያ ወንድም ደግሞ ወሬውን ጨርሶ እንዲሰማ አልፈለግንም። ስለዚህ የቀረልን አንድ በር የጋሽ መልከጼዴቅ በር ነበር።

በሕጉ መሠረት የሚጋቡ ሰዎች ፎቶ ለአንድ ወር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲመጣ ነው። የኛን ጋሽ መልከጼዴቅ በገዛ እጃቸው ለጠፉት። ጓደኛዬ ወንዳፍራሽ ባጃጁን ሰሌዳው ፊት አቁሞ ብዙ አየውና ሳቀ።

«ምነው የጠፋ ሰው አስመሰሉህ? ‹ያያችሁ ጠቁሙን› የሚል ብቻ ነው የጎደለው።»

ጋሽ መልከጼዴቅ ግን አልሳቁም። «የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የማነሳውም እኔ ነኝ» አሉን። «ሳላጋባችሁ የትም አልሄድም።»

ወሩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሞቱ።

ደረታቸውን ያማቸው ነበር አሉ። በኑዛዜያቸው መሠረት ከመግነዛቸው ሥር ያንን የሥራ ኮታቸውን አልብሰው ቀበሯቸው። የገነዟቸው ሰዎች እንደነገሩን የጣታቸው ቀለም በሳሙናም በሎሚም አልለቅ ብሎ ነበር።

በሳቸው ቦታ ወይዘሮ ደመቀች ተመደቡ። ከሰበታ የመጡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሴት ናቸው። ነገር ግን አንድ ሰው ቦታው ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ማጋባት አይችልም። ከፊተኛው ሹም ንብረቱን ቆጥሮ መረከብ አለበት፤ ርክክቡ ሲያልቅ ነው የማጋባት ሥልጣኑ የሚጸናለት። ወይዘሮ ደመቀችን ደግሞ የሚያስረክባቸው ሰው መቃብር ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ማኅተሙ ጠፋ። ቁምሳጥኑ ሲከፈት እኔ ነበርኩ፤ መቆለፊያውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። የቀለሙ ሰሌዳ አለ፣ የማኅተሙ ቦታ ባዶ ነው።

«ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነዋ!» አለ ወንዳፍራሽ ስነግረው። «ሰውዬውን ከነመንግሥት ማኅተሙ ቀብረውታል!»

የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ወይዘሮ ደመቀች ነገሩን ለጋሽ መልከጼዴቅ ባለቤት ሲያነሱላቸው፣ «የባሌን መቃብር ልትቆፍሩ ነው?» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያኔ የሦስት ጥንዶች ፎቶ ነበር። ሦስቱንም የለጠፉት ሟቹ ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቁምሳጥኑን አዲስ መቆለፊያ እየገጠምኩ ሳለ አንዲት ልጅና አንድ ጎልማሳ ገቡ። ልጅቷን በመልክ አውቃታለሁ፤ ቢታንያ ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ መጥተው አዲሶቹን ቤቶች ከተከራዩት ናት።

«ወረቀታችንን ልንወስድ ነው» አለች።

«የምን ወረቀት?» አሉ ወይዘሮ ደመቀች።

«የጋብቻ። ትናንት ተጋባን እኮ።»

«የት?»

«እዚሁ ነዋ።»

«እዚሁ! ማን አጋባችሁ?»

«ሽማግሌው» አለ ጎልማሳው። «ክራባት ያሰሩት።»

ወይዘሮ ደመቀች መነጽራቸውን አወለቁ። «በስንት ሰዓት?»

«በምሳ ሰዓት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።»

«በምሳ ሰዓት ይህ ክፍል ይቆለፋል። ቁልፉ ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚውለው።»

ሁለቱ ተያዩ። «ምስክሮቻችን ዘግይተውብን ነበር» አለች ቢታንያ ቀስ ብላ። «እሳቸው ግን ‹ምስክሮች ተሟልተዋል፤ እንቀጥል› አሉን። ዞር ብለን ልናይ ስንል ‹ፊታችሁን ወደኔ› አሉ። ወረቀቱን ስንጠይቃቸው ‹የምትረከበኝ ሴት ትሰጣችኋለች› አሉን።»

«ልጆቼ፣» አሉ ወይዘሮ ደመቀች፤ «ጋሽ መልከጼዴቅ አርፈዋል። መቃብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።»

ጎልማሳው ሳቀ። ሴትዮዋ እንዳልሳቁ ሲያይ ሳቁን አቋረጠ። ቢታንያ ደግሞ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«እኔስ ብዬ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ሲናገሩ አንዴ እንኳ አየር ሲስቡ አልሰማሁም።»

ሲወጡ እኔም ወጣሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የነሱ ፎቶ የለም። አራቱ መርፌዎች ብቻ በየማዕዘናቸው ተሰክተው ቀርተዋል። በዚያው ሳምንት ሁለተኛዎቹም ፎቶ ተነሳ። እነሱስ ወረቀት ሊጠይቁም አልመጡም፤ ባልየው ቀትር ላይ ብቻውን ከቤት መውጣት ተወ ሲባል ሰማሁ። ሰሌዳው ላይ የቀረነው እኔና መኪያ ብቻ ሆንን።

ለመኪያ ስነግራት የምትሰፋውን ቀሚስ አቆመች። የቀትር ነገር በኛ አገር እንዴት እንደሚፈራ ሁለታችንም እናውቃለን። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ሲሰበሰብ፣ ሕፃን ወንዝ ዳር አይላክም። ቤቶቻችን በዚህ ነገር አይለያዩም ነበር።

«እኛን ሴትዮዋ ያጋቡናል» አለች። «ሥልጣናቸው እስኪጸና እንጠብቃለን።»

ግን የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም። ረቡዕ ዕለት ወንድሟ ራያ ከተጂ ከተማ ደወለ። ፎቶአችንን ሰሌዳው ላይ ያየ አንድ የጤፍ ነጋዴ ነግሮት ነው። ራያ ክፉ ሰው አይደለም። እናታቸው ስትሞት መኪያን ያሳደጋት እሱ ነው። ድምፁ ከስልኩ ውጪ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

«ራያ፣ እኔ እኮ…»

«አግብተሻል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ኃላፊነትሽ የኔ ነው። ያገባች ብትሆኚ ከባልሽ ቤት አላወጣሽም ነበር፤ ነውር ነው። አላገባሽም። ቅዳሜ።»

ስልኩ ተዘጋ። መኪያ፣ ብዙ የምታወራዋ ልጅ፣ ያን ቀን ማሽኑን እያየች ዋለች።

ወይዘሮ ደመቀች ነገራችንን ሲሰሙ ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ላይኛው ቢሮ ሄዱ። ሐሙስም ሄዱ። ዓርብ ጠዋትም ሄደው ረፋድ ላይ አቧራ ለብሰው ተመለሱ።

«ኮሚቴ ይዋቀራል አሉ» አሉን። «ኮሚቴው ሟቹን ተክቶ ያስረክበኛል፤ አዲስ ማኅተም ይቀረጻል። በሚቀጥለው ወር።»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለች መኪያ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ባጋባችሁም በሌለኝ ሥልጣን ነው። ወንድምሽ ‹ማን ፈቀደላት?› ቢል መልስ የለኝም።»

መኪያ መስኮቱን አየች። የአዛኑ ድምፅ ተጀመረ። ዓርብ የምሳ ሰዓት ይረዝማል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ ግማሹ ከተማ መስጊድ ነው።

«ሥልጣኑን ያላስረከበ ሰው አሁንም ሥልጣን አለው አይደል?» አለች።

ወይዘሮ ደመቀች ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። «ያ ረቢ!» አሉ በኦሮምኛ። ከዚያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ብቻችሁን አትገቡም። እኔም የምረከበው አለኝ።»

ወንዳፍራሽን ምስክር እንዲሆን ይዤው መጥቼ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ቆመ።

«ዮአብዬ፣ በሠርግህ እጨፍራለሁ፣ በግ እጎትታለሁ። ይሄንን ግን ተወኝ። ባጃጄ ውስጥ ሆኜ እመሰክራለሁ።»

ወይዘሮ ደመቀች ቁልፉን ከቦርሳቸው አወጡ። አላስፈለገም። በሩ ገርበብ ብሏል።

የቀትሩ ብርሃን ከጠረጴዛው ጀርባ ባለው መስኮት ፊት ለፊት ያንጸባርቅብን ነበርና ከወንበሩ በላይ ያለውን ነገር በደንብ ማየት አልተቻለም። ግራጫ ኮት ይታያል። የክራባት ቋጠሮ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጆች ተቀምጠዋል፤ የቀኙ ሌባ ጣት ወይን ጠጅ ነው። ክፍሉ በዚያ ሙቀት ገና እንደተቆፈረ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል፤ ከዘነበ ግን ወር አልፏል።

«ዘገያችሁ» አለ ድምፁ። የሳቸው ነው። «ቁሙ። ፊታችሁን ወደኔ።»

ቆምን። መኪያ እጄን ያዘች። ወይዘሮ ደመቀች በሩ ጋ ቀሩ። አግዳሚ ወንበሩ ከኋላችን፣ ከግድግዳው ጋር ነው። ስንገባ ባዶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

«ምስክሮች ይቀመጡ» አሉ።

የሚሄድ እግር አልተሰማም። ልብስ ሲንኮሻኮሽ ግን ሰማሁ። ጣውላው ቀስ ብሎ ክብደት ተቀበለ። አንድ። ሁለት። እኔ እንጨት አውቃለሁ፤ ሲጫኑት ድምፁን ሳያሰማም ይሰማኛል። ሦስት። ዝም። ከዚያ፣

«ቂው።»

«ተሟልተዋል» አሉ ጋሽ መልከጼዴቅ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት አጫጭር፣ አንድ ረጅም። አባቴ ለመናገር ሲዘጋጅ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አባቴ መጋዝና መዶሻውን ትቶልኝ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንገቴ ሊዞር ሲል መኪያ እጄን ጨመቀችው። እሷ ራሷ ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ጭንቅላቷ ሰው እንደሚነካካው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«መኪያ። ማንም ሳያስገድድሽ፣ ወደሽ ነው?»

«ወድጄ ነው» አለች ጥርት ባለ ድምፅ።

«ዮአብ። ማንም ሳያስገድድህ፣ ወደህ ነው?»

ቃሉ ደረቴ ላይ ቀረ። አፌን ከፈትኩ፤ አየር ብቻ ወጣ። ከጠረጴዛው ማዶ ማንም አልተነፈሰም። የመኪያ እጅ በእጄ ውስጥ መቀዝቀዝ ጀመረ፤ ከብርሃኑ ጀርባ ያሉት እጆች ወደ ኮቱ ኪስ ሊመለሱ ከጠረጴዛው ተነሱ። ከኋላዬ ያ ጉሮሮ እንደገና ተጠረገ። ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ሲያቆመኝ፣ «በል እንጂ» ለማለት ሲፈልግ የሚጠርገው አጠራረግ ነው።

«ወድጄ ነው!» አልኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ወንዳፍራሽ ውጪ ሆኖ እንደሰማኝ በኋላ ነገረኝ።

«ባልና ሚስት ናችሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ተረካቢዋ ትቅረብ» አሉ።

ወይዘሮ ደመቀች ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ቀኙ እጅ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባና ተመልሶ ወጣ። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ክቡ ጠርዝ ላይ እርጥብ ቀይ አፈር ነበር።

«ማኅተም፣ አንድ። ተረክበሻል?»

«ተረክቤአለሁ።»

«ጠረጴዛ፣ አንድ። ወንበር፣ ሁለት። ተረክበሻል?»

«ተረክቤአለሁ።»

«አግዳሚ ወንበር፣ አንድ።» ወይን ጠጁ ጣት ወደ አግዳሚው ተቀሰረ። «ከነተቀማጮቹ። ተረክበሻል?»

ወይዘሮ ደመቀች እንደኛ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው አዙረው አልነበረም የቆሙት፤ ከበሩ ጋ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። ምን እንዳዩ እስከዛሬ አልነገሩንም። ያን ጊዜ ግን መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እንቢ ቢሉ ርክክቡ አይሞላም፤ ርክክቡ ካልሞላ ሥልጣን የለም፣ ወረቀት የለም፣ ነገ ራያ ይመጣል። ዓይናቸው መኪያ ላይ አረፈ።

«ተረክቤአለሁ» አሉ በሹክሹክታ።

ደመና ፀሐይዋን ጋረዳት። ወንበሩ ባዶ ነበር። ከኋላችን አግዳሚው ቀለል ሲለው ተሰማኝ፤ ዞር ብል ማንም የለም። ወይዘሮ ደመቀች ማኅተሙን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ወረቀታችን ላይ መቱት። ስንወጣ ሰሌዳው ላይ ፎቶአችን አልነበረም።

ባጃጁ ውስጥ ነው ያየሁት። የመኪያ ሻሽ ተቀይሯል። እሷ ሁልጊዜ አገጯ ሥር በመርፌ ነው የምታስረው። አሁን ግን ከግራ ጆሮዋ በላይ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ ታጥፏል።

«ማን አሰረልሽ?» አልኳት።

«አትንካው» አለች። በሻሹ ተኛች፤ በሻሹ ነጋላት።

ራያ ቅዳሜ ቀትር ሊሆን ሲል መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ በራችን ጠበበው። ወረቀቱን ዘረጋሁለት፤ አላየውም።

«ወረቀት በገንዘብ ይገኛል» አለ። «ማን ቆሞልሻል? ከኛ ቤት ማን መሰከረልሽ? ሰው እንደሌለሽ…»

እዚያ ላይ ቃሉ ተቆረጠ። ሻሹን አየው። ቀረብ ብሎ ጫፉን ሳይነካ አየው። ከዚያ ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ሁሉ ወረደ፤ የአሥር ዓመት ልጅ መሰለ።

«ይሄንን ማን አሰረልሽ?»

መኪያ እጇን ወደ ሻሹ አነሳች።

«አንቺ አታውቂውም። እናታችን ስትሞት ገና ጡት ትጠቢ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «ለዒድ ብቻ ነበር እንዲህ የምታስረው። ሞክሬ፣ ሞክሬ አቅቶኝ ነው በመርፌ ያስለመድኩሽ።»

ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «እሷ ከመሰከረችልሽ እኔ ማን ነኝ?» አለ። መኪያ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እስከ መጨረሻው አላቋረጣትም።

«አራት ናቸው አላችሁ» አለ። «አንዷ እናቴ ናት። አንዱ ያንተ አባት ነው። ሁለቱስ?»

እኔና መኪያ ተያየን። «አናውቃቸውም» አልኩት።

ምሳ ቀረበ። ወንዳፍራሽ ለስላሳ ይዞ መጣ፤ ራያን ሲያይ «አካም ጅርታ ኦቦ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ቀልድ ሊጀምር ነበር፣ ፊታችንን አይቶ ተወው። ሁለቱን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከግድግዳው ሥር ያለው አዲሱ አግዳሚ ባዶ ነበር። እሱን ለቤታችን ብዬ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደረቅ ዋንዛ ነው፣ ማያያዣው ጥብቅ ነው፣ ስምንት ሰው ቢቆምበትም አይጮህም።

ውጪ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ጎረቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ወንዳፍራሽ ደጃፉ ላይ ያስቀመጠው ጠርሙስ መሬት ላይ ጥላ አልነበረውም። ዝናብ የመታው አፈር ሸተተን።

«ቂው» አለ አግዳሚው።

ወንዳፍራሽ ጉርሻውን በአየር ላይ አቆመ። ራያ ቀስ ብሎ ኮፊያውን አወለቀ። መኪያ ብቻ አልደነገጠችም። በኛ አገር ምስክር ለአንድ ቀን አይደለም፤ ትዳሩ እስካለ ቤቱ ውስጥ መጥቶ ይጠይቃል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መሃል ይገባል፣ ሳይበላም አይሄድም። ተነስታ አራት ሳህን ጨመረች። ከዚያ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«የቤቱ ባለቤት አንተ ነህ» አለች። «በላቸው እንጂ።»

ወደ አግዳሚው ዞርኩ። በዚህ ጊዜ «ፊታችሁን ወደኔ» ያለን የለም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ፤ ድምፄም ወጣ።